አድቫይዘሬ «ዘውዴ ማን ነው?» አለኝ፣ ላይብረሪና ሪፈረንስ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ

የኮዬዋ፦

ሰላም ውዶቼ፣ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። ማስተርሴን ቅዳሜና እሁድ ነው የምማረው፣ የግል ኮሌጅ ነው ስሙን ልለፈው፣ ቴሲሴ ደግሞ ከተማው ሲሰፋ ዳር ዳር ያሉ አርሶ አደሮች ኑሯቸው ምን ሆነ የሚል ነው። ርእሱን ከየትም አላመጣሁትም፣ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ልብስ ላሰጣ በረንዳ ስወጣ ከብሎኮቹ ማዶ እስካሁን የሚታረስ ማሳ አለ፣ በበሬ ሲያርሱ እያየሁ ነው ጠዋት ጠዋት ቡና የምጠጣው፣ እና እነዚህ ሰዎች መሬታቸው ላይ ፎቅ ሲቆም እነሱ ምን አገኙ ብዬ ነው የጀመርኩት።

ያስቸገረኝ ጽሑፉ ሳይሆን ምንጩ ነው። ቻፕተር ቱን ለአድቫይዘሬ ሰጥቼው ሳምንት ቆይቶ መለሰልኝ፣ ወረቀቱ በቀይ እስክሪብቶ ከመዥጎርጎሩ የተነሳ በርበሬ የተደፋበት ነው የሚመስለው። መጀመሪያው ገጽ ላይ «ዘውዴ ማን ነው?» ብሎ ጽፏል። እኔ የጠቀስኩት ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን ነው፣ የታሪክ ምሁሩን፣ መመሪያው የቤተሰብ ስም ይቅደም ስለሚል «ዘውዴ፣ ባ.» ብዬ አስገባሁት፣ ቢሮው ስሄድ «አባትየውን ነው እንዴ ያነበብሽው?» አለኝ ሃሃሃ ሳቅኩ ግን አፈርኩ።

ቀጥሎ የአዋጅ ጉዳይ መጣ። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበትና ካሳ ስለሚከፈልበት የወጣውን አዋጅ አንድ ቦታ 455/1997፣ ሌላ ቦታ 455/2005 ብዬ ጽፌ ሪፈረንሱ ላይ ሁለት ጊዜ አስገባሁት፣ በቃ ሁለት አዋጅ መስሎኛል! ለካ አንዱን ያነበብኩት በአማርኛ ሌላውን በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነው። በዛ ላይ ሥሩ «ይሄ ተሽሯል፣ አዲሱን አላየሽም» ብሎ ጨመረበት።

ሦስተኛው ግን ያስለቀሰኝ ነው። ባለፈው ክረምት ከሥራ አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ ላይብረሪ ሄጄ ነበር፣ ከኮዬ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ለገሃር፣ ከዛ ደግሞ ሽቅብ፣ ስደርስ ለምሳ ሊዘጉ ሲሉ ነው። እየተጣደፍኩ ከአንድ የድሮ መጽሐፍ ከገጽ 112 እስከ 141 ኮፒ አስደረግኩ፣ ሽፋኑን አላስነሳሁም። አሁን ወረቀቱ እጄ ላይ አለ፣ ዋናው ሐሳቤ ያለው እሱ ውስጥ ነው፣ የመጽሐፉ ስም የለም፣ ደራሲው የለም፣ ዓመተ ምሕረቱ የለም። ከላይ ጠርዙ ላይ የተቆረጠ ርእስ አለ፣ «የመሬት ሥሪት እና» ይልና ያልቃል፣ እና ምን??? ጥግ ላይ የኮፒ ቤቱ ልጅ አውራ ጣት ታትሟል፣ ግልጽ ሆኖ የወጣው እሱ ብቻ ነው።

እና ጥያቄዬ፣ የአበሻ ስም በኤፒኤ (ኮሌጃችን በሚጠቀምበት የሪፈረንስ አጻጻፍ መመሪያ) እንዴት ነው የሚጻፈው? በኛ ዘመን አቆጣጠር የታተመ መጽሐፍስ? የኛ ኮሌጅ ላይብረሪ ሁለት መደርደሪያ ሞጁል ነው ያለው፣ ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ለውጭ ሰው ያስገባሉ ወይ? ስም የሌለውን ኮፒስ ምን ላድርገው፣ ልጣለው? ቅዳሜ ከሰዓት ክላስ የለኝም፣ ያለኝ ቀን እሱ ብቻ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦

እህቴ አይዞሽ፣ «ዘውዴ» ላይ ያልወደቀ ተማሪ የለም። እኔም ታደሰ ታምራትን «ታምራት» ብዬ አስገብቼ አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ፈረንጆቹ የቤተሰብ ስም አላቸው፣ ከአያት ወደ አባት ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፣ መመሪያው የተጻፈው ለነሱ ነው። የኛ ሁለተኛ ስም የአባት የግል ስሙ ነው፣ ባሕሩ የራሱ ስም ባሕሩ ነው አለቀ። ስለዚህ እዚህ አገር ጥናት ውስጥ የቆየው ልማድ በራስ ስም መጥቀስና ሙሉውን ሳያገላብጡ መጻፍ ነው፣ ዝርዝሩ ላይ «ባሕሩ ዘውዴ» ብለሽ በ«በ» ሥር፣ ጽሑፉ ውስጥ ደግሞ «ባሕሩ» ወይ «ባሕሩ ዘውዴ» ከነዓመቱ። ኮማ አታስገቢ፣ ኮማዋ ናት ስሙ ተገለበጠ የምታስብለው። ውጭ አገር ጆርናል ላይ ከሆነ የምታወጪው ግን እነሱ ይገለብጡታል፣ አንዳንዱ ደራሲ ራሱ ውጭ ስለኖረ በአባቱ ስም መጠራት ለምዷል፣ እሱን እንደራሱ አድርጊው። ዋናው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ አይነት ይሁን፣ ገጽ 10 ላይ ባሕሩ ገጽ 40 ላይ ዘውዴ ከሆነ አንባቢው ሁለት ሰው ነው የሚመስለው፣ ልክ እንደ አዋጅሽ።

ስለ አዋጁ፣ ነጋሪት ጋዜጣ በግራ አማርኛ በቀኝ እንግሊዝኛ ነው፣ አማርኛው 1997 ይላል እንግሊዝኛው 2005፣ ቁጥሩ 455 ከሆነ አንድ ነው። የተካው 1161/2011 ነው፣ በእንግሊዝኛ 1161/2019። ግን የድሮውን አትሰርዢው! አንቺ የምትጽፊያቸው ገበሬዎች ካሳ የተቀበሉት በየትኛው ጊዜ ነው? 455 በሚሠራበት ጊዜ ከሆነ ዋና ሰነድሽ እሱ ነው፣ አዲሱ ለማነጻጸሪያ ይሆንሻል፣ ይሄን ለአድቫይዘርሽ ንገሪው።

ለዘመን አቆጣጠር ደግሞ መጽሐፉ ላይ ያለውን ዓመት እንዳለ ጻፊ፣ የፈረንጁን በቅንፍ አስከትዪ። ከመስከረም አንስቶ የፈረንጅ ዓመት እስኪገባ ድረስ ያለው ልዩነት 7 ነው፣ ከዛ በኋላ 8። መጽሐፉ ወር ካልጻፈ በየትኛው በኩል እንደሆነ ስለማታውቂ 1958 ዓ.ም. ያለውን 1965/66 ብለሽ ነው የምታስቀምጪው። ዝም ብለሽ 8 እየደመርሽ አትሂጂ።

የመደርደሪያው ሰው፦

ልጄ፣ እኔ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት 26 ዓመት ላይብረሪ ውስጥ ነው የሠራሁት፣ የት እንደሆነ ይቅር። አሁን ሰበታ መንገድ ላይ ዶሮ እያረባሁ ነው፣ ግን ይህን ጥያቄ ሳነብ እጄ አላስችል አለኝ።

በመጀመሪያ ኮፒውን እንዳትጥይ። ላይብረሪው መጽሐፍ ወደ ውጭ የማያበድር ከሆነ ለኮፒ ስትወስጂ መታወቂያ አስይዘሽ መዝገብ ላይ ፈርመሻል፣ አስታውሺ። ያ መዝገብ ላይ የመጽሐፉ ርእስና የመለያ ቁጥሩ ይጻፋል። መዝገብ በዋዛ አይጣልም፣ እኛ ቤት ሲሞላ ወደ ጓዳ ነበር የምናስገባው። የሄድሽበትን ቀን ካስታወስሽ ሂጂና «ጋሼ ይህን ቀን ፈርሜ ነበር» በያቸው፣ በትህትና ከጠየቅሽ የማይተባበር ሠራተኛ ጥቂት ነው፣ ጠዋት ግን ሂጂ፣ ከሰዓት ሁሉም ሰው ደክሞታል።

ለውጭ ሰው ያስገባሉ ወይ ላልሽው፣ በአብዛኛው የትብብር ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ከኮሌጅሽ ሬጅስትራር ወይም ዲፓርትመንት ማኅተም ያለው ደብዳቤ አጽፊ፣ ላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» ከማለት የላይብረሪውን ስም ማጻፍ ይሻላል። ርእስሽም ይጠቀስ። መታወቂያ ያዢ፣ ቦርሳ በር ላይ ስለምታስቀምጪ ገንዘብሽንና ስልክሽን በእጅሽ ያዢ።

የት ልሂድ ካልሽ፣ ላንቺ ርእስ ስድስት ኪሎ ነው ቦታው። ግቢው የንጉሡ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረ ነው፣ እዚያ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመ፣ ኢትዮጵያን የሚመለከት መጽሐፍ፣ ጋዜጣ፣ ያልታተመ ጽሑፍ ሁሉ የሚሰበሰብበት ነው። ኬኔዲ ላይብረሪም እዚያው ግቢ ነው። ወመዘክር ደግሞ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው፣ አገር ውስጥ የታተመ መጽሐፍ ኮፒ በሕግ የሚገባበት፣ ስለዚህ ከገበያ የጠፋ የአማርኛ መጽሐፍ እዚያ መፈለግ ነው። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት በ2014 ነው የተከፈተ፣ ተቀምጦ ለማንበብ ለመጻፍ ጥሩ ነው፣ ለድሮ ሰነድ ግን የቀድሞዎቹን ነው የምመክርሽ። ከመሄድሽ በፊት ሰዓታቸውን ጠይቂ፣ ቅዳሜ ሁሉም ቤት አንድ አይነት አይሠራም።

አሁን ተማሪዎች የማያውቁትን አንድ ነገር ልንገርሽ። ካታሎግ ስትፈልጊ «የለም» ካለሽ አትመኚ። ኮምፒውተሩ ፊደል አያውቅም። አንዱ መዝጋቢ «ፀሐይ» ብሎ ያስገባዋል፣ ሌላው «ጸሐይ»፣ ሌላው «ፀሃይ»፣ ለማሽኑ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ሥሪት»ን በንጉሡ ሠ ፈልጊ፣ በእሳቱ ሰም ፈልጊ። «ዓለም»ም «አለም»ም። የእንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው፣ ታደሰን በአንድ ዲ የጻፈ አለ በሁለት ዲ የጻፈ አለ። እኛ ራሳችን መዝጋቢዎቹ ነን ጥፋተኞቹ፣ እኔም ብዙ አበላሽቻለሁ እግዜር ይቅር ይበለኝ። በስም ካጣሽው በቁጥር ሂጂ፣ መጽሐፉን በዲዊ የቁጥር አመዳደብ የሚደረድር ቤት ከሆነ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ነው፣ በአሜሪካ ኮንግረስ ላይብረሪ አመዳደብ ከሆነ ዲቲ 371 ብሎ ይጀምራል። መደርደሪያው ጋር መግባት ከተፈቀደልሽ ከፈለግሽው መጽሐፍ ግራና ቀኝ ያሉትን አምስት አምስት መጽሐፍ አውጥተሽ ማውጫቸውን እዪ፣ ጉግል ላይ የማታገኚውን እዚያ ታገኛለሽ።

እና ወደፊት መጽሐፍ እጅሽ ሲገባ ከማንበብሽ በፊት ሽፋኑን፣ የርእስ ገጹንና ጀርባውን በስልክሽ አንሺ። ከዚያ በኋላ ነው ውስጡ። ኮዬ ቤትሽን ለሰው ስታሳዪ «ኮዬ ነው» ብለሽ አትተዪውም አይደል፣ ፕሮጀክቱን፣ ብሎኩን፣ ፎቁን፣ በር ቁጥሩን ትነግሪዋለሽ። ገጽ ቁጥር ማለት በር ቁጥር ነው። እንግዳው ብሎኩ ሥር ቆሞ እንዲደውል አታድርጊው።

የኮዬዋ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ መዝገብ ላይ ፈርሜያለሁ! አሁን ነው ትዝ ያለኝ፣ ሰማያዊ ትልቅ መዝገብ ነበር። ቀኑንም አውቀዋለሁ የፈቃድ ወረቀቴ ላይ አለ።

ብሩኬ ቱሉ ዲምቱ፦

ጎረቤት ነን ማለት ነው ሃሃ። እኔ የማወራው ሌሎች እንዳይሠሩት ነው፣ ከኔ ተማሩ።

ቴሲሴን ስሠራ ጊዜ አጥሮብኝ ቻትጂፒቲን 10 ሪፈረንስ ስጠኝ አልኩት፣ ሰጠኝ፣ ደግሞ እንዴት ያምራል፣ ስም፣ ዓመት፣ ጆርናል፣ ቮሊዩም፣ ገጽ፣ ሁሉም የተሟላ፣ የኔ አድቫይዘር ራሱ «አሁን ገባህ» አለኝ። ዲፌንስ ቀን፣ ቴሲሴን ፈታኞች ፊት ሳቀርብ፣ ኤክስተርናሉ (ከውጭ የመጣው ፈታኝ) መነጽሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ ዝርዝሩን ሲያይ ቆየና «ይሄን ጽሑፍ የት አገኘኸው?» አለኝ። ኢንተርኔት ላይ አልኩ። «ይሄን ጆርናል አውቀዋለሁ፣ በዚያ ዓመት ኤዲት ካደረጉት አንዱ እኔ ነኝ፣ እንዲህ የሚል ጽሑፍ አላወጣንም» አይለኝም መሰላችሁ! ላቤ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል፣ እናቴ ደግሞ ከኋላ አበባ ይዛ ተቀምጣለች። ደራሲው እውነተኛ ሰው ነው፣ ጆርናሉ እውነተኛ ነው፣ ጽሑፉ ግን በዓለም ላይ የለም። ከ10ሩ 7ቱ እንደዛ ነበሩ። አልጣሉኝም ግን ሦስት ወር ሜጀር ኮሬክሽን፣ ምርቃቱም አለፈኝ።

እኔ ብቻ አይደለሁም የተሸወድኩት፣ ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ጠበቆች ለፍርድ ቤት ያስገቡት ጽሑፍ ውስጥ ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የፍርድ መዝገቦች ጠቅሰው ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጥቷቸዋል። ጠበቃ!

አሁን የማደርገው፣ ዲኦአይ ያለው ከሆነ፣ ያ 10 ብሎ የሚጀምረው የጽሑፉ መለያ ቁጥር፣ እሱን ብሮውዘር ላይ አስገብቼ የሚከፍተው ያ ርእስ ራሱ መሆኑን አያለሁ፣ ከሌለው የጆርናሉን ቮሊዩም ከፍቼ ገጹ ላይ ያ ጽሑፍ መኖሩን አያለሁ። ፒዲኤፉን ከፍቼ ያላየሁትን አልጠቅስም በቃ። ቴሌግራም ቻናል ላይ የሚለጠፈውም ያው ነው፣ ግማሹ ሽፋን የለውም፣ ማን እንደጻፈው አይታወቅም፣ እሱን ጠቅሶ ዲፌንስ መግባት ራቁት እንደመሄድ ነው።

ዝም ብዬ ነው፦

አቦ አታካብዱ፣ ሪፈረንስ ማን ያነባል? 40 መጽሐፍ ደርድሮ መስጠት ነው፣ አድቫይዘሩ ብዛቱን ነው የሚያየው። ጓደኛዬ የሌላ ሰው ዝርዝር እንዳለ ገልብጦ ቬሪ ጉድ አግኝቷል።

ብሩኬ ቱሉ ዲምቱ፦

ጓደኛህ ዕድለኛ ነው ብሮ፣ የኔን ኤክስተርናል አላገኘውም።

ሰላምነሽ ለገጣፎ፦

ብዛት የሚያይ አድቫይዘር መኖሩ ውሸት አይደለም፣ ግን የኮዬዋ ያገኘችው «ዘውዴ ማን ነው» የሚለውን ነው፣ እሱ መስመር በመስመር ነው የሚያነበው፣ ስለዚህ ምክሩ እሷን አይመለከታትም።

እኔ የምጨምረው ስለ ዞቴሮ ነው፣ ሪፈረንስ የሚይዝና የሚደረድር ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው፣ ሪፈረንስ በእጅ እየጻፋችሁ ዓይናችሁን አታጥፉ። አንድ ችግር አለው፣ እሱም ፈረንጅ ስለሆነ ስም ሲያስገባ ሁለት ሳጥን ይከፍታል፣ የአባትና የራስ፣ እኛን ይገለብጠናል። ደራሲው ስም በስተቀኝ በኩል ትንሽዬ ምልክት አለች፣ እሷን ስትነኩ ሁለቱ ሳጥን አንድ ይሆናል፣ እዛ ላይ «ባሕሩ ዘውዴ» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ፣ አይነካውም፣ ዝርዝሩ ላይም በ«በ» ይገባል። ይሄን ያወቅኩት 60 ሪፈረንስ በእጄ ካስተካከልኩ በኋላ ነው፣ እናንተ እንደኔ አትልፉ።

ኤፒኤ ከሆነ ደግሞ ስንተኛው እትም እንደሆነ ጠይቂ። ሰባተኛው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው የወጣው፣ የታተመበትን ከተማ መጻፍ ቀርቷል፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ደራሲ ካለ ጽሑፉ ውስጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ የአንዱን ስም ጽፈሽ «እና ሌሎች» ነው። ብዙ አድቫይዘር በስድስተኛው ነው የተማረው፣ «አዲስ አበባ የት ሄደ?» ብሎ ያስመልስሻል፣ እኔን አስመልሶኛል። መከራከር ይቻላል ግን እኔ በበኩሌ አልተከራከርኩም፣ ከተማውን ጨምሬ ሰጠሁት፣ መመረቅ ነው የፈለግኩት።

ገበሬዎቹን ኢንተርቪው አድርገሻል አይደል? እነሱ ሪፈረንስ ዝርዝር ውስጥ አይገቡም፣ የጥናትሽ ተሳታፊ ናቸው፣ ዳታሽ ናቸው፣ ስማቸውንም ደብቂ። ከክፍለ ከተማ ባለሙያ ቢሮው ሄደሽ የጠየቅሽው ነገር ካለ ደግሞ እሱ የግል ግንኙነት ተብሎ ከነቀኑ ጽሑፉ ውስጥ ብቻ ይጠቀሳል።

ላይብረሪ መሄድ ለማትችይበት ቀን፣ ጄስቶር የሚባለው የጆርናሎች ድረ ገጽ ላይ በኢሜልሽ ከተመዘገብሽ በወር እስከ 100 ጽሑፍ በነጻ ስክሪን ላይ ታነቢያለሽ፣ ስድስት ኪሎ የሚታተመው የኢትዮጵያ ጥናት ጆርናልም የድሮዎቹ እዛ አሉ። አጆልም አለ፣ የአፍሪካ ጆርናሎች የሚሰበሰቡበት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ቴሲስም ኢቲዲ የሚባለው ገጽ ላይ ፒዲኤፉ ይገኛል፣ ግን ከቴሲስ ላይ ሐሳብ ስትወስጂ እሱ የጠቀሰውን እንዳነበብሽ አድርገሽ እንዳትጽፊ፣ ያነበብሽው ቴሲሱን ነው። ሌሊት አውርጂ፣ ቀን ኔትወርኩ ዋጋ የለውም፣ መብራት ከሄደ ደግሞ ያው።

የኮዬዋ፦

ተመልሼ መጣሁ። ቅዳሜ የጠዋቱን ክላስ ቀጥቼ ሄድኩ፣ አትፍረዱብኝ።

ከቤት የወጣሁት 12 ሰዓት ላይ ነው፣ ጭጋግ ነበር፣ ሳሪስ ላይ ሰልፉ ሌላ ጉድ ነው፣ ብቻ ሲከፍቱ ደረስኩ። በር ላይ ያሉት እናት ደብዳቤዬን አገላብጠው አገላብጠው አዩና «ማኅተሙ ደብዝዟል» አሉኝ፣ ልቤ ቀጥ አለ፣ ግን አስገቡኝ። ውስጥ ያሉትን ሰውዬ ጋሼ እንዳሉት በትህትና ጠየቅኳቸው፣ «የአምናውን?» ብለው አዩኝ፣ ከዛ ምንም ሳይሉ ተነስተው ገቡ። ከ20 ደቂቃ በላይ ቆዩ፣ አቧራ ያለበት ሰማያዊ መዝገብ ታቅፈው መጡ፣ አንድ ላይ ስናገላብጥ፣ ነሐሴ ላይ፣ የኔ ፊርማ! ከጎኑ ርእሱ፣ ደራሲው፣ የመለያ ቁጥሩ፣ በሚያምር የቁም ጽሕፈት። ልስማቸው ምንም አልቀረኝም።

መጽሐፉን አውጥተው ሰጡኝ፣ መጀመሪያ ሽፋኑን፣ የርእስ ገጹን፣ ጀርባውን አነሳሁ (ጋሼ!)። «የመሬት ሥሪት እና» ያለው «የመሬት ሥሪት እና የጭሰኛው ዕዳ» ነው። ዓመቱ 1967 ይላል፣ ወር የለውም፣ ስለዚህ 1974/75 አልኩት።

ግን ስሙኝማ፣ ሌላ ጣጣ መጣ። እኔ በጣም የወደድኩት፣ ገጽ 127 ላይ ያለው፣ በከተማው ዙሪያ ስለነበሩ ጭሰኞች የሚለው አንቀጽ መጨረሻው ላይ ትንሽዬ 27 ቁጥር አለች። አምና አላየኋትም ወይም አይቼ ንቄያታለሁ። የግርጌ ማስታወሻው ገጹ ላይ አይደለም፣ ምዕራፉ መጨረሻ ላይ ነው የተከማቸው፣ እኔ ደግሞ 141 ላይ ነው ኮፒውን ያቆምኩት፣ ማስታወሻው የሚጀምረው 142 ላይ! አንድ ገጽ! ገልጬ ሳየው 27 ያልታተመ የዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው የሚጠቅሰው፣ ማለት አንቀጹ የመጽሐፉ ደራሲ ሐሳብ አይደለም፣ ስድስት ኪሎ የተማረ የአንድ ልጅ ነው። ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው እያልኩ ሳወራው ነበር።

አድቫይዘሬ ጋ ደውዬ ስነግረው «እንግዲህ ልጁን ፈልጊው» አለኝ። «በእገሌ ላይ እንደተጠቀሰው» ብዬ ብጽፍስ ስለው፣ ይቻላል ግን ጽሑፉ አንድ ታክሲ ርቀት ላይ እያለ ያንን ብትጽፊ አልቀበልሽም ብሎ ሳቀ። አንድ ታክሲ ይላል፣ ከኮዬ ሦስት ነው።

አሁን ያለኝ የልጁ ስምና ዓመቱ ነው፣ ርእሱ በእንግሊዝኛ ነው። ጋሼ፣ የዚያን ዘመን የመመረቂያ ጽሑፍ በምን ልፈልገው? ኢቲዲው ላይ ሞከርኩ የለም።

የመደርደሪያው ሰው፦

ጎበዝ ልጄ። ኢቲዲ ላይ ያለው አብዛኛው የቅርብ ጊዜ ነው፣ የዚያን ዘመን በታይፕ የተጻፈው በወረቀት ነው የሚገኝ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ላይብረሪ ሂጂ። በልጁ ስም ካጣሽው በአባቱ ስም ፈልጊ፣ ያን ጊዜ የመዘገቡት እንዳንቺ አድቫይዘር ጥንቁቅ አልነበሩም፣ ገልብጠውት ይሆናል። ከዚያም ካጣሽ በዲፓርትመንቱና በዓመቱ ጠይቂ። በታይፕ የተጻፈ ነገር ኮፒ ማሽን ላይ ሲጫኑት ጥራዙ ይፈርሳልና አትጫኚው፣ በስልክ አንሺው ከፈቀዱልሽ። ገጽ ቁጥሩን አንዳንዱ ከላይ አንዳንዱ ከሥር ነው የሚጽፈው፣ ሳይቆረጥ አንሺ።

ብሩኬ ቱሉ ዲምቱ፦

የኮዬዋ፣ እኔም ለአንድ ጽሑፍ እዛው ግቢ ጉዳይ አለኝ። ከሄድሽ በሚቀጥለው ሳምንት አብረን እንሂድ፣ አጎቴ ጠዋት በላዳው ወደ ሜክሲኮ ይወጣል፣ ሁለት ታክሲ ይቀንስልናል። 12 ተኩል ቱሉ ዲምቱ አደባባዩ ጋ ከደረስሽ ይጠብቀናል፣ ከ15 ደቂቃ በላይ ግን አይጠብቅም ጸባዩን አውቀዋለሁ።

የኮዬዋ፦

12 ተኩል አለሁ። ደብዳቤዬን ሰኞ ማኅተሙን አስደግሜ ነው የምመጣው።